ዘፈኑ የኛ ነው፣ ዘፋኟስ?

የእህቴ ልጅ ሽንኩርት እየከተፈች ታንጎራጉራለች። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋዋለች። ዜማው ቀስ ያለ ነው፤ እሹሩሩ ይመስላል። «ምንድን ነው እሱ?» አልኳት። «የጨረቃዋ ዘፈን ነዋ ጋሼ!» አለችኝ፣ እንዴት አታውቀውም በሚል ድምፅ። የማን ዘፈን እንደሆነ ስጠይቃት ግን ዝም አለች። አታውቅም። ስልኳ ላይ ያለው ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ቁራጩ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። በቁራጩ ላይ አንዷ ድመቷን አቅፋ ትታያለች። አንዱ የአያቱን እጅ ይዟል። ሌላዋ የሞተባትን ውሻ ፎቶ ትደረድራለች።

ዘፋኟ ሚትስኪ ትባላለች። ዘፈኑ «ማይ ላቭ ማይን ኦል ማይን» ነው፤ «ፍቅሬ የኔ፣ ሁሉም የኔ» እንደማለት። የወጣው በሰባተኛ የስቱዲዮ አልበሟ ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2023። እኛ እንቁጣጣሽን ካከበርን ሦስተኛው ቀን ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) የአልበሙ ርዕስ ረጅም ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ምድሪቱ እንግዳ አትቀበልም፣ እኛም እንደዚያው» ይሆናል። የጨረቃዋ ዘፈን በአሜሪካ የሳምንቱን ተወዳጅ ዘፈኖች በሚደረድረው ቢልቦርድ ሆት 100 ዝርዝር ውስጥ እስከ 26ኛ ደረጃ ወጣ። ሚትስኪ ከዚያ በፊት በዚህ ዝርዝር ላይ ስሟ ታይቶ አያውቅም።

የሚገርመው ሌላ ነው። ዘፋኟ ራሷ በዚያ ሰፈር የለችም። ቲክቶክ ላይ አትጨፍርም፤ ኢንስታግራም ላይ ቁርሷን አታሳይም። ከ2019 ወዲህ ራሷን ከማኅበራዊ ሚዲያ አውጥታለች፤ ገጾቿን የሚያንቀሳቅሱላት ሌሎች ናቸው። ዛሬ አንድ ጀማሪ ድምፃዊ ምክር ሲጠይቅ የሚሰማው አንድ ነው፤ ቪዲዮ ልቀቅ፣ ላይቭ ግባ፣ ከአድናቂዎችህ ጋር አውራ። እሷ በሯን ዘግታ ተቀምጣ የሕይወቷን ትልቁን ሂት አገኘች። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት አልበሙን ብቻ መስማት አይበቃም። ከሱ በፊት አድናቂዎቿ ምን እንዳደረጓት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሚትስኪ በ1990 ጃፓን ተወለደች። እናቷ ጃፓናዊት፣ አባቷ አሜሪካዊ ናቸው። ልጅነቷ ከአገር አገር ሲዞር አለፈ፤ ቱርክ፣ ቻይና፣ ማሌዥያ፣ ቼክ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች በ2012 እና በ2013 ያወጣችው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ፐርቼዝ ኮሌጅ ሙዚቃ ስትማር ነው፣ በራሷ አቅም። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ዴድ ኦሽንስ ከሚባል አሳታሚ ጋር ትሠራለች። ኢንዲ የምትባለው ለዚህ ነው። የሙዚቃውን ዓለም ከተቆጣጠሩት ከሦስቱ ትላልቅ ኩባንያዎች፣ ከዩኒቨርሳል፣ ከሶኒ እና ከዋርነር ውጭ ነች።

እዚህ ላይ ስለኛ አገር አንድ ነገር ላንሳ። የካሴት ሽፋን ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። ድምፃዊው ስሙ በትልቁ ቢጻፍም ቃሉ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «ጥላኝ ሄደች» ብሎ ሲያለቅስ እናለቅስለታለን እንጂ እንባው የግጥም ደራሲው ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። ሐሜት አይጠፋም፣ እሱማ አለ። ግን ድምፃዊው መከለያ አለው። «ግጥሙን የሰጠኝ እገሌ ነው» ማለት ይችላል።

ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትሠራ ሰው ይህ መከለያ የላትም። «እኔ» ብላ የዘፈነችው ሁሉ የሕይወት ታሪኳ ተደርጎ ይወሰዳል። ሚትስኪ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። በ2018 «ቢ ዘ ካውቦይ» የሚለውን አልበም ስታወጣ ልብ ወለድ ነው አለች። የተለያዩ ሴቶችን ፈጥሬ በነሱ አፍ ዘፈንኩ አለች። አንዷ ትዳሯ የሰለቻት ሚስት ናት። ሰሚ አላገኘችም። አልበሙ ግን በጣም ተወደደ፤ ፒችፎርክ የተባለው ታዋቂ የሙዚቃ መጽሔት የዓመቱ አንደኛ አልበም አለው። በዚያው ልክ «አሳዛኟ ልጅ» የሚል ቅጽል ተለጠፈባት። ሰው ሲከፋው የሚከፍታት፣ በሱ ፋንታ የምታለቅስለት ሆነች። እሷ ይህ ነገር ያለፈበት ነው፣ ሰውንም ያሳንሳል ብላ በግልጽ ተናገረች። ቅጽሉ ግን አለቀቃትም።

እኔ ይህን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም። አንድ ሰው ዘፈን ጽፎ «ይህ ሕመም ነው» ሲለን፣ እኛ ሕመሙን ወስደን ሰውየውንም አብረን እንወስዳለን። የሰጠን ዘፈኑን ነው። ሰውየውን አልሰጠንም።

በ2019 ክረምት ላይ በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የምታቀርበው ኮንሰርት ለጊዜው የመጨረሻዋ እንደሆነ አስታወቀች። ሰው ሲደነግጥ ምክንያቷን አስረዳች። ከአምስት ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት ከከተማ ከተማ ስትዞር ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኖሪያ ቤት እንኳ አልነበራትም። አሁን ካላቆምኩ የራሴ ዋጋ በዚህ ጨዋታ ውስጥ በመቆየቴ ብቻ የሚለካ ይሆናል ብላ እንደፈራች ተናገረች። በኋላ ደግሞ በልቧ ጨርሳ ልትተው አስባ እንደነበር ገለጠች።

ለምን ተመለሰች? መልሱ የፍቅር ታሪክ አይደለም። ለአሳታሚዋ አንድ አልበም ዕዳ ነበረባት። ኮንትራት ነው። ኢንዲ መሆን ከውል ነፃ መሆን ማለት አይደለም፤ ትንሹም ቤት የሚያስፈርመው ወረቀት አለው። «ላውረል ሄል» የተሰኘው አልበም በፌብሩዋሪ 2022 የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ላውረል በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። አበባው ያምራል። ሲጠቀጠቅ ግን የገባበት ሰው መውጫ ያጣል፤ የአገሩ ሰው ያንን ቦታ የላውረል ሲኦል ይለዋል። ርዕሱን ያወጣችው ከዚያ ነው። አበባ ውስጥ ተይዞ መቅረት! ከዚህ በላይ ምን ትበል።

አልበሙ በቢልቦርድ 200 የአልበሞች ዝርዝር 5ኛ ሆኖ ገባ። ሃያሲያኑ ጥሩ ነው አሉ እንጂ እንደ 2018ቱ አልተደነቁም። የዘመኑ ትልቁ ወሬ ግን አልበሙ አልነበረም፤ ስልክ ነበር። የኮንሰርት ጉዞውን ስትጀምር በገጿ አንድ መልእክት ወጣ። ሙሉ ዘፈን ወይም ሙሉ ኮንሰርት በስልክ ባትቀርፁ ብላ ለመነች። መድረክ ላይ ቆሜ ሳያችሁ እናንተ ስክሪን ላይ አፍጥጣችኋል፣ ያን ጊዜ አብረን ያለን አይመስለኝም፣ እንደ ዕቃ የምወሰድ ይመስለኛል አለች። ነገሩ ትዕዛዝ አልነበረም፤ ልመና ነበር። የተመለሰላት ግን ቁጣ ነው። አንዳንዱ ሕመም አለብኝ፣ የማስታወስ ችግር አለብኝ፣ ካልቀረፅኩ ይጠፋብኛል አለ። ይህ ለአንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አላጣጥለውም። ብዙው ግን የከፈልኩበት ነው፣ ምን አገባሽ የሚል ዓይነት ነበር። መልእክቱ ከገጹ ተነሣ።

እኔም ኮንሰርት ላይ ስልክ አውጥቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ድምፃዊ ሲዘፍን ሙሉውን ቀረፅኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የሚሰማው የራሴ ጩኸት፣ የሚታየው የጎረቤቴ ክንድ ነው። ድምፃዊውን ያየሁት በስልኬ መስኮት፣ አውራ ጣት በምታክል ምስል ነው። እዚያው ፊቴ ቆሞ።

አሁን ወደ 2023ቱ አልበም። ሚትስኪ ከአሳታሚዋ ጋር እንደገና ተደራድራ መቀጠልን መረጠች። ዕዳዋን ጨርሳለች፤ የሚያስገድዳት የለም። ይህ በዘፈኖቹ ይሰማል። የተቀዳው ናሽቪል በሚገኘው ቦምብ ሼልተር ስቱዲዮ እና ሎስ አንጀለስ ባለው ሰንሴት ሳውንድ ነው። ፕሮዲውሰሩ እንደ ወትሮው ፓትሪክ ሃይላንድ ነው። ኦርኬስትራውን ያቀናበረው ድሩ ኤሪክሰን ሲሆን 17 ሰዎች ያሉበት ኳየር፣ ማለትም የመዘምራን ቡድን፣ አለ፤ 12ቱ ሎስ አንጀለስ፣ 5ቱ ናሽቪል የዘፈኑ። በ«ላውረል ሄል» የነበረው የሰማንያዎቹ ዲስኮ የሚመስል ሲንተሳይዘር ጠፍቷል። በቦታው ጊታር፣ ቫዮሊን እና ያ የሚያላዝን፣ ፔዳል ስቲል የሚባለው የካንትሪ ሙዚቃ ጊታር ገብተዋል። እሷ ራሷ ከሥራዎቼ ሁሉ አሜሪካዊው ይሄ ነው ብላለች። ከአገር አገር ስትዞር ላደገች ሰው ቀላል ቃል አይደለም።

አልበሙን የሚከፍተው ዘፈን «ባግ ላይክ አን ኤንጅል» ነው። እሱን ቀስ ብለን እንስማው። ጊታር ብቻ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ጎንህ ተቀምጣ የምታወራ ያህል። መጠጥ ይዛለች፤ ብርጭቆዋ ሊያልቅ ነው። ከብርጭቆው ሥር አንድ ነፍሳት ተጣብቋል፣ ክንፉ መልአክ ያስመስለዋል። መጠጥ አንዳንዴ ቤተሰብ ይመስላል ትላለች። «ቤተሰብ» የምትለዋ ቃል ላይ ኳየሩ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። አንድ ቃል ይጮኹና ዝም ይላሉ። ከዚያ እንደገና ጊታር ብቻ።

መጀመሪያ ስሰማው ደንግጬ ድምፁን ቀነስኩ። ሁለተኛ ስሰማው ገባኝ። ብቻውን ለሚጠጣ ሰው ቤተሰብ እንደዚያ ነው፤ ድንገት ክፍሉን ይሞላና ይጠፋል። ይህን በግጥም ለመግለጽ ብዙ መስመር ይፈጃል። እሷ በአንድ ቃልና በ17 ሰው ጨረሰችው።

ሌላው ቆም ብሎ መስማት የሚያስፈልገው «አይ ዶንት ላይክ ማይ ማይንድ» ነው። የገና ቀን ብቻዋን ኬክ ሙሉውን የበላች ሰው ትናገራለች። አእምሮዬን አልወደውም ትላለች፤ ከሱ ጋር ብቻዬን መቅረት አልፈልግም። እና ትለምናለች፤ እባካችሁ ይህን ሥራ አትውሰዱብኝ። እዚህ ላይ እኔም ወጥመዱ ውስጥ ልገባ ደርሼ ነበር። «ይሄማ እሷ ናት፣ ከ2019 በኋላ የተሰማት ነው» ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን ያልኩትን ላክብር። ዘፈን ነው። ኬኩን ማን እንደበላው አላውቅም፣ የማወቅ መብትም የለኝም። ሥራውን እንደ መደበቂያ የያዘ ሰው ሁሉ ግን ራሱን ያገኝበታል። ቅዳሜና እሁድ የሚያስፈራው ሰው እኮ ሞልቷል።

የጨረቃዋ ዘፈን ከዚህ ሁሉ ይለሰልሳል። 2 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በዚህ ዓለም የኔ የምለው ምንም የለም፣ ፍቅሬ ብቻ የኔ ነው። ስሞት ግን አብሮኝ ይጠፋል። ስለዚህ ጨረቃ ሆይ፣ ፍቅሬን ተቀበይኝና ከሄድኩ በኋላ ከላይ አብሪው ትላለች። ሚትስኪ እንዳስረዳችው በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጠው ሰውን መውደዷ ነው፤ ከሞት በኋላ እሱን ለሰው ማውረስ ብትችል ትመኛለች።

ታዲያ ቲክቶክ ለምን ይህን መረጠ? ማጠሩ ረድቷል። ዋናው ግን ይመስለኛል ክፍተቱ ነው። የሚወደደው ማን እንደሆነ ዘፈኑ አይናገርም። ወንድ ነው ሴት፣ ባል ነው ልጅ፣ አይታወቅም። ስለዚህ ድመቷን የያዘችው ድመቷን፣ አያቱን የያዘው አያቱን አስገባበት። ዘፋኟ ደግሞ በየቀኑ ብቅ ብላ «ይህን የጻፍኩት ለእገሌ ነው» አላለችም። ብትል ኖሮ ክፍተቱ ይሞላ ነበር። ዝም ማለቷ ለዘፈኑ ቦታ ሰጠው። ለኔ የዚህ አልበም አቀባበል ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከ2018ቱ ጋር አስተያዩት። ያኔ ሰው በየዘፈኑ ውስጥ እሷን ይፈልግ ነበር። አሁን ሚሊዮኖች ስሟን እንኳ ሳያውቁ የራሳቸውን ሰው አገኙበት።

ይህን ሰምቶ «እኔም ስልኬን ልዝጋና ሂት ልጠብቅ» የሚል ወጣት ዘፋኝ ካለ ግን ይቆየኝ። ሚትስኪ ከ2023 በፊት አሥር ዓመት ሠርታለች፤ ስድስት አልበም። ከማኅበራዊ ሚዲያ ጠፍታ በነበረችባቸው በ2020 እና 2021 «ኖባዲ» እና «ዋሺንግ ማሽን ሃርት» የሚሉ የድሮ ዘፈኖቿ ቲክቶክ ላይ ተዳርሰው አዲስ ትውልድ አምጥተውላታል። «ዲስ ኢዝ ኤ ላይፍ» የተሰኘው፣ ሰን ለክስ ከሚባል ባንድና ከዘፋኙ ዴቪድ በርን ጋር የሠራችው የፊልም ዘፈን በ2023 ለኦስካር ታጭቶ ነበር። ገጿን የሚይዙላት፣ ቪዲዮ የሚለቅቁላት ሰዎች አሏት። የኦርኬስትራ ወጪ የሚችል አሳታሚ አላት። በሩን የዘጋችው ቤቱ ውስጥ ሆና ነው። ገና ውጭ የቆመ ሰው በር ቢዘጋ የሚቀረው ውጭ ነው።

ለዚያ ሰው ጊዜው እየከበደ ነው። የዘፈን ማድመጫው ስፖቲፋይ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን ክፍያ አያስብም። አንድ ሺህ ለታዋቂ ሰው የደቂቃዎች ነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ለሚቀዳ ልጅ የዓመት ትግል ነው። እሱን «ቲክቶክ ግባ» ብንለው ክፋት የለብንም፤ ሌላ መንገድ አላሳየነውም። የሚያሳዝነው ሚትስኪ ያገኘችውን ዝምታ ለማግኘት መጀመሪያ ለዓመታት መጮህ ማስፈለጉ ነው።

ሌላም ቅር የሚለኝ አለ። አልበሙ በሃያሲያን ዘንድ በጣም ተሞግሷል፤ ብዙዎቹ በዓመቱ ምርጦች ዝርዝር ውስጥ አስገብተውታል። በቢልቦርድ 200 የገባው ግን 12ኛ ሆኖ ነው፤ ከ«ላውረል ሄል» ዝቅ ብሎ። ዘፈኑ ከአልበሙ ተነጥሎ ሄደ ማለት ነው። አልበሙ ከ32 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። 11 ዘፈን ነው። ከሜክሲኮ ሳሪስ ታክሲ ሲጨናነቅ ይሰማል። ግን ከብዙው ሰው ጋር የቀረው ያ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላው ቁራጭ ነው። ጨረቃዋ የምታምረው ከነጨለማው ነው። ከብርጭቆው ነፍሳት፣ ከኬኩ፣ ነፍሷን ሰጥታ ከምትደራደርበት ከ«ዘ ዲል» በኋላ ስትመጣ ሌላ ዘፈን ናት። ብቻዋን ስትሰማ ታባብላለች። በቦታዋ ስትሰማ፣ ይህችን ፍቅር ለማትረፍ ምን ያህል እንደተከፈለ ታውቃለህ።

በ2024 ይህን አልበም ይዛ ዞረች። ብዙ ጊዜ ወንበር ያላቸው ቲያትር ቤቶች ውስጥ፣ አንድ ከተማ ላይ ደጋግማ ነበር የምትዘፍነው። መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር አለ። በነሱ ላይ ትቀመጣለች፣ ትወጣለች፣ ትሳባለች፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተጠና ነው። ያዘነች ሴት እንባዋን እያፈሰሰች አይደለም የምታዩት፤ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ተዋናይት ነው የምታዩት። ለኔ ይህ መከለያዋ ነው። እኛ ዘንድ ድምፃዊው «ግጥሙ የእገሌ ነው» እንደሚለው፣ እሷ በእጅና በእግሯ «ይህች እኔ አይደለሁም፣ ገጸ ባሕርይ ናት» ትላለች። አትላንታ በሚገኘው ፎክስ ቲያትር የተቀረፀው ኮንሰርቷ በ2025 ሲኒማ ቤቶች ገብቷል። እንዳይቀረፅ የለመነችውን ነገር በመጨረሻ ራሷ አስቀረፀችው፤ በሷ ካሜራ፣ በሷ ብርሃን፣ በሷ ምርጫ።

የእህቴን ልጅ ያን ቅዳሜ ስልኳን ተቀብዬ አልበሙን ከመጀመሪያው ከፈትኩላት። ወጡ እስኪንተከተክ አብረን ሰማን። ጊታሩ ቀስ ብሎ ሲሄድ «ይሄማ ያስተኛል» አለች። ከዚያ ኳየሩ ጮኸ። ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ወለሉ ላይ ወጥ ነው። ጎንበስ ብላ ስታነሣው «ጋሼ፣ እንደገና ከሱ ጀምረው» አለችኝ።